የእትዬ ዘነበች አውራ ጣት

ዛሬ ጠዋት መልእክቱ ሲደርሰኝ ማታቱ የሚባለው የከተማ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ጓደኛዬ ሳሮንና እኔ የሠራነው የስልክ መተግበሪያ ተመርጧል። ከመጪው የትምህርት ተርም ጀምሮ በትምህርት ቤታችን የሚነግዱ ተማሪዎች ሁሉ ዕቃቸውን የሚሸጡት በእሱ ነው። ደግሜ ሳነበው መውረጃዬን አለፍኩ። በእግሬ ስመለስ የአምናው ሐምሌ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ለመመረጥ የኮምፒውተር መምህራችን ሚስ ዋንጂሩ ያስቀመጡት መመዘኛ አንድ ነበር፤ መተግበሪያውን አይተውት የማያውቁ ሦስት ሰዎች ያለ ረዳት ዕቃ ይዘዙበት። ቀላል መስሎን እሑድ ከአምልኮ በኋላ ስልኩን በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አዞርነው። ሁሉም "ተባረኩ፣ ግሩም ነው" አሉን። ያዘዙት ግን በእኛ ጣት ነበር። ትልቅ ሰው ሲቸገር ቁጭ ብሎ ማየት ማን አስተማረን? ሚስ ዋንጂሩ የቀረጽነውን ቪዲዮ አይተው፣ "የፈተናችሁት ራሳችሁን ነው" አሉ። "በሚቀጥለው እጃችሁ ላይ ተቀመጡ።"

በሳምንቱ ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ እትዬ ዘነበች የሐበሻ ምግብ ቤት ሄድን። ብርድ ስለነበር ወጥ ቤት ከሽሮው ድስት አጠገብ አስቀመጡን። የክፍላችን ልጅ አኪኒ የምትሠራውን የዶቃ አምባር እንዲገዙ ነግረን ስልኩን ሰጠናቸው፤ ከዚያ የእውነት እጃችን ላይ ተቀመጥን።

"የቱን ልንካ?" አሉ።

እጃችንን ይበልጥ ተጫንነው።

"ሳሮንዬ፣ ምን ዘጋሽ? እናትሽ ስትቆጣሽ እንዲህ ዝም ብትዪ ጥሩ ነበር።"

ሳሮን ከንፈሯን ነከሰች። የእትዬ ዘነበች አውራ ጣት "ግዙ" የሚለውን ቁልፍ አልፎ ጥግ ላይ ያለችውን የአኪኒን ትንሽ ፎቶ ነካ። ምንም አልተከፈተም። ደግመው ነኩት። ቁልፉን ያላዩት መስሎኝ ልናገር ስል፣

"ይቺ ልጅ የማን ናት?" አሉ። "የማን ልጅ እንደሆነች ሳላውቅ ምኑን ነው የምገዛው?"

ሁለት ወር ሙሉ ስለ ቀለም ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ ፎቶው በር መሆኑን ያየልን አንድ አውራ ጣት ነው።

ፎቶውን አተለቅነው። ሲነካ አኪኒ ማን እንደሆነች፣ አምባር መሥራት ማን እንዳስተማራት ይናገራል፤ መግዣው ከሥሩ ነው። እትዬ ዘነበች አንዴ ስላዩት አይቆጠሩም። ግን ሦስት ደንበኞቻቸውን ለምነው አስቀመጡልንና፣ እንዳይረዷቸው የራሳቸውን እጅ ሽርጣቸው ውስጥ ከተቱ። ሦስቱም አዘዙ። እንደዚያ ቀን ጸጥ ብዬ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አሁንም ይገርመኛል፤ የገዛ ሥራዬን ያየሁት የሌላ ሰው ጣት እየተከተልኩ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው ምግብ ቤት አዲስ ገጽ እናስሞክራለን። ኑልን፤ ከስልክ ጋር የማትስማሙ ከሆነማ ይበልጥ እንፈልጋችኋለን። ስትቸገሩ ዝም ብንል ቅር አይበላችሁ።