አራተኛ ለመውጣት

ከሰባት ቡድኖች መካከል አራተኛ መውጣት ሦስተኛ ከመውጣት የሚሻልበት ጊዜ አለ። ይህን አስልቼ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ደግሜ ብሠራው አንዲት ቁጥር አልለውጥም።

ጅቡቲ የመጣሁት ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ነው። አገር ቤት ለአሥራ አንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ አስተምሬያለሁ። የዶክትሬት ሥራዬ፣ ብዙ ጉዳዮች በአንድ መስመር ተራቸውን ሲጠብቁ የትኛው ቢቀድም ጠቅላላው ጊዜ እንደሚያጥር የሚመረምር ሒሳብ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊነት ግን ያንን ሥራ አንብቦ ሊረዳው ለማይችል ሰው ተሰጠ። ሹመቱ በተነገረበት ስብሰባ ላይ እንደ ሌሎቹ አጨበጨብኩ፤ በሦስተኛው ወር ለቀቅኩ። አሁን በነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ፣ የትኛው ኮንቴይነር በየትኛው ቀን ወደ አዲስ አበባ እንደሚጫን መርሐ ግብር አወጣለሁ። ሥራው የእኔን ትምህርት አይጠይቅም። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁም ከሚያስፈልገው በላይ ያከብሩኛል፤ ምሳ ሲበሉም አይጠሩኝም።

ዓርብ መሥሪያ ቤታችን ዝግ ነው። የምኖረው ጋቦዴ ሰፈር ከሚገኙት የመኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዓርብ ማለት ድምፄን የማልጠቀምበት ቀን ነበር። ባለሱቁ የምገዛውን ስለሚያውቅ ሳልጠይቀው ያቀብለኛል፤ እኔም ራሴን ነቅንቄ እሄዳለሁ። አንድ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ለመራመድ ወጥቼ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ባለው የሲሚንቶ ሜዳ አጠገብ ሳልፍ በአማርኛ የሚጯጯኹ ሴቶች ሰማሁ። ቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ። አንዷ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ነጥብ ትጽፋለች። ቆሜ ተመለከትኩ።

«ሃያ ሁለት አይደለም፤ ሃያ አራት ነው» አልኩ። በዚያ ቀን ከአፌ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ሁሉም ዞሩ። «እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት? ዳኛ ነዎት?» አለችኝ አንዷ።

«አይደለሁም። ቆጥሬ ነው።»

«እንግዲያው ይቁጠሩልን እባክዎ! ይቺ ስትቆጥር ሁልጊዜ የምታሸንፈው ራሷ ናት።»

ተሳሳቁ። ጠመኔው ተሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ነጥብ ቆጣሪያቸው ሆንኩ። ምን እንደተማርኩ ሲሰሙ «ዶክተር» አሉኝ፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ቀልድ ነበር። የሰፈር ሴቶች ውድድር ሲመጣ ለመመዝገብ ቢያንስ አሥር ስም ያስፈልግ ስለነበርና እነሱ ዘጠኝ ስለነበሩ፣ አሥረኛዋ ተጫዋች ተብዬ ተጻፍኩ። ማልያዬ ከፕላስቲኩ ሳይወጣ ቤቴ ተቀመጠ።

ከዘጠኙ ስድስቱ በሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ ነበሩ። ሁለቱ ምግብ ቤት ያስተናግዳሉ፤ አንዷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ምላሷ ከሁሉም የፈጠነ። አምበሏ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ክንደ ረጅም፣ ንግግሯ ጥቂት። ድሬዳዋ ተማሪ ሳለች ለትምህርት ቤቷ ተጫውታለች። እዚህ ለስድስት ዓመት በአንድ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ምግብ አብስላለች፣ ልጅ አሳድጋለች። ቤተሰቡ ሐምሌ ላይ ጠቅልሎ ሊሄድ ነው፤ እሷም ያኔ ወደ ድሬዳዋ ትመለሳለች።

«ስድስት ዓመት ተጫወትኩ» አለችኝ አንድ ቀን የጫማዋን ክር እያሰረች፤ «ግማሽ ፍጻሜ እንኳ ደርሰን አናውቅም። ዘንድሮ ዋንጫውን ሳልይዝ ከሄድኩ በቃ፣ ለእኔ ሌላ ዓመት የለም።»

ይህን የተናገረችው ለእኔ ብቻ ነበር። ለሌሎቹ ነግራቸው እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን የእኔ ኃላፊነት አድርጌ ወሰድኩት፤ ከዓመታት ወዲህ የእኔ የሆነ ነገር ያገኘሁት ያኔ ነበር።

ሰባቱ ቡድኖች እርስ በርስ ይጫወታሉ፤ አራቱ ያልፋሉ። በግማሽ ፍጻሜው አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ይገናኛል። አንድ ጨዋታ ብቻ ሲቀረን ያለው ሁኔታ ይህ ነበር። የወደብ ሠራተኞቹ ቡድን ሜዳ ላይ ማንም ያላሸነፈው፣ እኛንም በሃያ ነጥብ የቀጣን ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ አርፍዶ በመምጣቱ በፎርፌ ተሸንፎ ሁለተኛ ላይ ተቀምጧል። አንደኛ የሆኑት ተማሪዎች ናቸው፤ እነሱን አንድ ጊዜ አሸንፈናቸዋል። እኛ የመጨረሻውን ጨዋታ ካሸነፍን ሦስተኛ እንሆናለን፤ የወደቡን ቡድን እንገጥማለን። ከተሸነፍን ግን አራተኛነታችን አይነካም፤ ተማሪዎቹን እንገጥማለን፤ የወደቡ ቡድን ደግሞ የሚገጥመን፣ ከደረሰ፣ ፍጻሜው ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ግድግዳው ላይ ሥዬ አሳየኋቸው።

«ማለት፣ ተሸንፈን ነው የምናሸንፈው?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ተሸንፋችሁ ቀላሉን መንገድ ታገኛላችሁ።»

«ወይ ጉድ! ስድስት ዓመት ሙሉ ስንሸነፍ እርስዎ የት ነበሩ? ቤታችን ዋንጫ በዋንጫ ይሆን ነበር እኮ!»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። አምበሏ ግን ሥዕሉን ስታይ ቆይታ «ሰዓቱስ?» አለች።

የውድድሩን ደንብ ከፈረንሳይኛ የተረጎምኩላቸው እኔ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ፤ አንደኛ የወጣ ቡድን የግማሽ ፍጻሜውን ሰዓት ይመርጣል። ተማሪዎቹ ፀሐይ ሳትበረታ ለመጫወት ጠዋትን እንደሚመርጡ አሠልጣኛቸው አስቀድሞ ተናግሯል።

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» አልኩ። «ሌላው ጨዋታ እንደተለመደው አሥር ሰዓት ነው።»

«ዓርብ ጠዋት?»

«ዓርብ ጠዋት። ፈቃድ ትጠይቃላችሁ። አንድ ቀን ነው።»

ወደ መሬት አየች። «እንግዲህ ዶክተር ካሉ» አለች። ሌሎቹም ዝም አሉ። ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት። በዕድሜዬ ብዙ ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሰው የማይስማማበትን ነገር ዝም ብሎ እንደሚያሳልፍ ከእኔ በላይ ማወቅ የነበረበት ሰው አልነበረም።

የመጨረሻውን ጨዋታ ለመሸነፍ ወጡ። መሸነፍ ግን ልምምድ የሚጠይቅ ነገር ኖሯል። ተጋጣሚያችን ከውድድሩ የወደቀ፣ ግድ የለሽ ቡድን ነበር፤ ከእነሱ መሸነፍ ከባድ ሆነ። ከአስተናጋጆቹ አንዷ ኳሱን ለስሙ ወደ ላይ ስትወረውረው ገባ።

«አንቺ! ምን ነካሽ? አታግቢ አልተባልሽም?»

«ምን ላድርግ፣ ራሱ ገባ!»

«ዓመቱን ሙሉ እምቢ ሲልሽ ኖሮ ዛሬ ነው የሚገባው?»

አምበሏ አልሳቀችም። ኳስ በያዘች ቁጥር ለሌላ ትሰጣለች፤ ክንዶቿን ከጎኗ አታነሳም። ያን ቀን አንድም ነጥብ አላስቆጠረችም። በሦስት ነጥብ ተሸነፍን። እኔ ግድግዳው ላይ ውጤቱን ስጽፍ እጄ የረካ ሰው እጅ ነበር፤ አልደብቅም።

የማላውቀው ነገር ምን እንደነበር የገባኝ በዋዜማው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚህ ከተማ ዓርብ ጠዋት በየቤቱ የማዕድ ቤት ሥራ የሚከብድበት ጊዜ ነው። ጌቶቹ ቤት ይውላሉ፣ እንግዳ ይጠራሉ፣ ትልቁ የሳምንቱ ምሳ ይበላል። ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ዓርብ የሚጀምርላት የምሳው ዕቃ ታጥቦ ካለቀ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጨዋታዎቹ ሁሉ አሥር ሰዓት ላይ መሆናቸውን ከሙቀቱ ጋር ብቻ አያይዤው ነበር። እኔ ፈቃድ ስጠይቅ ቅጽ እሞላለሁ፤ አለቃዬ ሳያነበው ይፈርማል። ስልኬ አምስት ጊዜ ጮኸ። «ማዳም እምቢ አለች፣ ዶክተር።» «እንግዳ አለ ተባልኩ።» «ብጠይቅ ተቆጡኝ።» አንዷ ጭራሽ ለመጠየቅ እንደፈራች ነገረችኝ። አምስተኛዋ አምበሏ ነበረች። «አልሆነም» ብላ ዘጋች።

አራት ቀሩ፤ ፀጉር ሠሪዋ፣ ሁለቱ አስተናጋጆችና አሠሪዎቿ ለጉዞ የወጡ አንዲት ልጅ። ጨዋታ የሚጀመረው ደግሞ አምስት ሰው ሲቆም ነው።

ማልያውን ከፕላስቲኩ አወጣሁት። ጠዋት ሜዳ ስደርስ ፀጉር ሠሪዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«በመነጽር ነው?»

«ያለ መነጽር ኳሱንም አላየው።»

«በሉ እሺ። ያ ጥግ የእርስዎ ነው፤ ከዚያ አይነቃነቁ። ኳስ ከመጣ ለሚጮኽልዎት ሰው ይስጡ።»

ሙሉውን ጊዜ ጥጌ ላይ ቆምኩ። ጥቅሜ ግልጽ ነበር፤ እኔን የምትጠብቅ አንዲት ተማሪ እስካለች ድረስ ጨዋታው አራት ለአራት ነው። ልጅቷ በነካችኝ ቁጥር «ፓርዶን፣ ማዳም» ብላ ይቅርታ ትጠይቃለች። ከአምቡሊ ማረፊያ የተነሳ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የዳኛው ፊሽካ አይሰማም። አራቱ ከጠበቅኩት በላይ ተጫወቱ፤ እስከ ሦስተኛው ሩብ መጨረሻ እኩል ነበርን። ሁለት ደቂቃ ሲቀር የተማሪዎቹ አሠልጣኝ አንድ ነገር ተናገረ፤ ልጅቷም ጥላኝ ሄደች። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ብቻዬን ቀረሁ፤ ኳሱም መጣ።

«ይጣሉት! ዶክተር፣ ይጣሉት!»

ወረወርኩት። ቀለበቱ ዘንድ አልደረሰም። በዚያ ዓመት ሌሎች የወረወሩትን ሁሉ ቆጥሬያለሁ፤ ራሴ ግን አንድ ጊዜም ወርውሬ አላውቅም ነበር። አርባ አንድ ለሠላሳ ሰባት ተሸነፍን። የእኔ ኳስ ቢገባም አይበቃም ነበር፤ ይህንንም ወዲያው አሰላሁት።

ማንም አልወቀሰኝም። ፀጉር ሠሪዋ ትከሻዬን መታ አድርጋ «ነፋሱ ነው የበላዎት» አለች፤ ወደየሥራቸው ተበታተኑ። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ቤቴ ነበርኩ። ተጣጥቤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የሚደወልለት ሰው አሰብኩ፤ አልነበረም።

አሥር ሰዓት ላይ ሌላውን ጨዋታ ለማየት ተመለስኩ። ለምን እንደሄድኩ ማስረዳት እችል ነበር፤ የወደቡ ቡድን ከተሸነፈ ስሌቴ ምን ያህል እንደሚፈርስ ማወቅ ፈልጌያለሁ። አምበሏ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። እጆቿ በዕቃ ማጠቢያው ሳሙና ነጥተዋል። ውጤቱን ሰምታለች።

«ማዳም አሥራ አራት እንግዳ ነበራት» አለችኝ ሰላም ከተባባልን በኋላ።

ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። የወደቡ ቡድን ለሦስተኛ ጊዜ አርፍዶ፣ ፎርፌ ሊጻፍበት ሲል ደረሰ። ሁለት ተጫዋች ጎድሎታል። እግራቸው ከብዶ ነበር። የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ የሚመሩት በአንድ ነጥብ ብቻ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ነግሬዎታለሁ።»

«መቼ?»

«ሰዓቱስ ብዬዎታለሁ።»

ማለት የነበረብኝን አውቅ ነበር፤ ቃሉ አጭር ነው፤ ልጆች ሳይማሩት ይናገሩታል። ግን ከዚያ በፊት የማስተካክለው ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ጥያቄ ጥያቄ እንጂ ተቃውሞ አለመሆኑን፣ በእነሱም መንገድ ብንሄድ ምናልባት እንሸነፍ እንደነበር። ይህን በልቤ ሳሰናዳ ጨዋታው እንደገና ተጀመረ።

በእረፍቱ ተነስታ ወደ ሜዳው ወረደች። ያመለጠ ኳስ አንስታ ወረወረች፤ ገባ። እኔም ወርጄ ቅርጫቱ ሥር ቆምኩ፤ የወደቀውን እያነሳሁ መልሼ ሰጠኋት። ዘጠኝ ጊዜ ወረወረች፤ ሰባቱ ገቡ። ዳኛው ሲነፋ ወደ ደረጃው ተመለስን።

የወደቡ ቡድን በስድስት ነጥብ አሸነፈ።

«በስድስት» አለች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ የእራቱ ሰዓት ደርሶባታል። «ጨዋታችን በዚህ ሰዓት ቢሆን እኔም ሜዳው ላይ እኖር ነበር። ስድስት እኮ እኔ ብቻዬን አገባዋለሁ።»

እንደዚያ አይሰላም። የአንዱ ጨዋታ ልዩነት ወደ ሌላው አይሸጋገርም፤ ሦስተኛ የወጣው ቡድን እኛ አይደለንም፤ እኛን ቢገጥሙ ኖሮ ምናልባት ሌላ ዓይነት ይጫወቱ ነበር። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ልነግራት እችል ነበር። ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ይበቃ ነበር» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።