ያገለገለው የክሮም ውሃ

ከአጎቴ ጋር ቆዳ ማልፋት ማለት ግማሹን ቀን ሥራ፣ ግማሹን ክርክር ነው። አባቴ ሲሞት ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለችውን ትንሽ የቆዳ ማልፊያ ከወንድሙ ጋር አወረሰኝ፤ ክርክሩንም እንደዚያው።

ያከራከረን ቆዳ የምናለፋበት የክሮም መድኃኒት ውሃ ነው። ቆዳው ጠጥቶ ሲወጣ ገንዳው ውስጥ የሚቀረው ሰማያዊ ውሃ ገና ብዙ ክሮም አለው። አጥልለው ቢያስቀምጡት፣ ጥቂት አዲስ ክሮም ጨምረው ለሚቀጥለው ቆዳ ያውሉታል። እኛ ግን ቦይ ውስጥ እንደፋው ነበር። ቦዩ የታች ሰፈር ከብቶች ወደሚጠጡበት ጅረት ይወርዳል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጥተው፣ "ያ ውሃ ዳግም ከወረደ በራችሁ ይታሸጋል" አሉን። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ብሆን ቀደም ብዬ አሽገው ነበር።

ስለዚህ በርሜል አምጥቼ ማጠራቀም ጀመርኩ። አጎቴ ግን እንኳን ቆዳ ሊነክሩበት፣ ሊያዩትም አልፈለጉም።

"ልጄ፣ ቆዳ ሲለፋ ከርኩሰት ይጠራል። አንተ ለሶላት ዉዱእ ባደረግህበት ውሃ ደግመህ ዉዱእ ታደርጋለህ?"

"ሐጂ፣ እርስዎ ደግሞ! ይሄ እኮ ክሮም ነው።"

"ቢሆንስ? ያገለገለ ውሃ አያጠራም። ማል ጎና፣ ምን ይደረግ!"

ደሜ ፈላ። ድርቅና ቢሆን እታገላቸዋለሁ፤ ሃይማኖት ሲሆን በምን አፌ? እሳቸው በአዲስ ውሃ ያለፋሉ፣ እኔ ትርፉን እቀዳለሁ፤ በርሜሎቹ ሁሉ ጢም አሉ። ነገር ቢያበዙት በአህያ አይጫንም ብዬ፣ "በቃ፣ ሼኹን ይጠይቁልኝ" አልኳቸውና ቆዳ ልገዛ የቡ ገበያ ሄድኩ።

ስመለስ አጎቴ በር ላይ ቆመው ፊታቸው በርቷል።

"ሼኹ ፈቀዱልን! 'ዉዱእ ሌላ፣ ቆዳ ሌላ፤ ይልቅ ማባከኑ ነው ወንጀሉ' አሉኝ።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብዬ ግንባራቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

"ታዲያ በቆሸሸ በርሜል አንጀምርም ብዬ፣ ሁሉንም ደፍቼ አጥቤ ጠበቅሁህ።"

በርሜሎቹ ግድግዳ ተደግፈው ጸሐይ ይሞቃሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ያጠራቀምኩት ባንድ ጊዜ ወርዷል፤ ቦዩ ሰማያዊ ሆኗል። እስኪ ለኚህ ሰው ምን ይባላል? የተሸከምኩትን ቆዳ እዚያው ጥዬ ቁልቁል ሮጥኩ። ከብቶቹ ወደ ጅረቱ የሚወርዱበት ሰዓት ነው።

"ሎን ዴቢሳ! ከብቶቹን መልሱ! እንዳይጠጡ!" እያልኩ ሰፈሩን ሳስወጣ፣ የማሳሽገው የገዛ ማልፊያችንን በር እንደሆነ አውቀው ነበር።