የመሬት አባባን ያነሣችው ዩዌታዎ

በጂንሹይ ሰፈር ሊያዎ ዩዌታዎን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ ዓሣ አይበላም። ገና ሳይነጋ ድስቷን ጥዳ፣ ዓሣውን ከሩዝ ጋር ቀቅላ፣ ዝንጅብል ነስንሳ ለፈረቃ ሠራተኛው የምታቀርበው እሷ ናት። እጇ ይጣፍጣል፤ ምላሷ ግን አያድርስ ነው። «ዝንጅብሉ በዛ» ያላትን ደንበኛ፣ «እንግዲያው እናትህ ዘንድ ሄደህ ብላ!» ትለዋለች። ሰውየው እየሳቀ ይጨርሳል፤ በማግስቱም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

ባሏ ዉ ሹንፋ ዕድሜውን የፈጀው በመንገዱ ጫፍ ባለው ፋብሪካ የብስክሌት መሪና የቧንቧ እጀታ እንዲያብረቀርቅ ክሮም በሚባል ኬሚካል ገንዳ ውስጥ ሲነክር ነው። ከገንዳው የሚወጣው እንፋሎት የአፍንጫውን መሐል ግድግዳ በልቶ ቀዳዳ አበጀበት። የሰፈር ልጆችን ሊያስቅ ሲፈልግ ክር በአንዱ በኩል አስገብቶ በሌላው ያወጣል። ልጆቹ ይንከተከታሉ፤ ዩዌታዎ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ዓሣው ይሽተት አይሽተት የማያውቅ ባል ይዛ፣ ለሁለት እያሸተተች ኖረች። በኋላ ሳንባው ከዳውና ሞተ። ባለፋብሪካውም አንድ ማለዳ በሩን ቆልፎ ውጭ አገር ገባ። ዓይኑን በጨው ያጠበ! ደህና ሁኑ እንኳ አላለም።

ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ ቀረ። ማዘጋጃ ቤቱ «አፈሩ የተበከለ ነው» የሚል ሰሌዳ ለጠፈበትና ሥራውን የጨረሰ መሰለው። መሬቱ መሐል ከተማ ነው፣ ለባቡር ጣቢያም ቅርብ ነው፤ ግን ማን ይግዛው? የገዛ ሰው መርዙንም አብሮ ገዛ ማለት ነው፤ ማጽጃው ደግሞ ኪስ ያራቁታል። እንዲሁ ሳር ሲበቅልበት፣ ውሾች ሲወልዱበት ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። የዩዌታዎ ልጅ ዠንሲዮንግ በዚህ መሐል አገባ፣ ፒንፒንንም ወለደ፤ የልጅ ልጂቱ አድጋ አራት ዓመት ሊሞላት ሆነ።

ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ብልሃት ይዞ መጣ። ሰፈርተኛው በቦታው ጥግ ላይ ባለችው የሰፈሩ ጠባቂ አምላክ፣ የመሬት አባባ፣ ትንሽ መቅደስ ፊት ተሰበሰበና ወይዘሪት ፋን የምትባል ልጅ እግር የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ፕላኑን ዘርግታ አስረዳች።

«መሬቱን የሚያጸዳ የሪል እስቴት ኩባንያ አግኝተናል» አለች። «እያጸዳ ባለበት ጊዜ የመሬት ግብር አይከፍልም። የምርመራውን ወጪ እኛ እናግዘዋለን። ካጸዳ በኋላ ደግሞ ደንቡ ከሚፈቅደው በላይ ተጨማሪ ፎቅ እንዲሠራ እንፈቅድለታለን። እሱ በምትኩ ለሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናትና የተሸፈነ ገበያ ሠርቶ ያስረክባል።»

«እና እኛ ፎቁ ፀሐያችንን ሲከልለን ልብሳችንን የት እናስጣ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አንተ ደግሞ መቼ ልብስህን አጥበህ ታውቃለህ!» አለችው ዩዌታዎ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እሷ የዚያን ዓመት የአባባ ዕጣን ጠባቂ፣ ማለትም የመቅደሷ ኃላፊ ነበረች። ጠባቂው በየዓመቱ የሚመረጠው በጨረቃ እንጨት ነው፤ እነዚያ አንድ ጎናቸው ለጥ ያለ፣ አንድ ጎናቸው ጎበጥ ያለ ሁለት ቁራጮች ይወረወራሉ። አንዱ በጀርባው፣ አንዱ በሆዱ ከወደቀ አባባ እሺ ብሏል። ሁለቱም በሆዳቸው ከተደፉ እንቢ ብሏል። ሁለቱም ከተንጋለሉ እየሳቀብህ ነው። ብዙ እሺ በተከታታይ የወጣላት ዩዌታዎ ነበረች፤ አባባ ጨቅጫቃ ሴት ይወዳል ተብሎ ተሳቀ።

ዩዌታዎ ፕላኑ ላይ ጎንበስ ብላ አየች። የሚቆፈረው ሁሉ ቀይ ተቀብቷል። መቅደሷና ዙሪያዋ ብቻ አረንጓዴ ነው።

«ይሄ አረንጓዴ ምንድን ነው?»

«የልጆች መጫወቻ ነው፣ እማማ» አለ አቶ ጓን፣ የኩባንያው ሰው። ጃንጥላ ከእጁ የማይለይ፣ ፈገግታው ከፊቱ የማይጠፋ ሰው ነው። «የአባባን ወለል አንነካም። ከአክብሮት የተነሣ ነው። ሳር እንተክልበታለን።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ጥሩ አሳዳጊ አለው ይሄ ሰው፣ ተባባሉ።

«ተመርምሯል ወይ?» አለች ዩዌታዎ።

አቶ ጓን ፈገግ እንዳለ ቀረ። ወይዘሪት ፋን ግን መዋሸት አልሆነላትም። «አልተመረመረም፣ እትዬ። መርማሪዎቹ ሲመጡ የዕጣን እንጨት ለኩሰው፣ አባባን ይቅርታ ጠይቀው አለፉት። በእሱ ሥር መሰርሰሪያ ለመስደድ ማን ይደፍራል?»

«እንዴ! ሌላው ሁሉ መርዝ ከሆነ፣ ይሄ ጥግ በምን ተአምር ጸዳ? እዚህ አፈር ላይ ነው ፒንፒን የምትንከባለለው? ቆፍሩት!»

ጉድ ፈላ። የሰፈሩ ሹም ኬ ቲያንፉ ብድግ አለ፤ እንደ ፖም የቀላ ፊት አለው፣ ሲቆጣ ደግሞ ይብስበታል። «እትዬ ታዎ፣ አፍሽን ዝጊ! አባባ ካልፈቀደ ማን ያነሣዋል? ሰፈሩ ላይ መዓት ልታመጪብን ነው?»

ወይዘሪት ፋን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ጥጉ የሰፈሩ ነው፤ ሰፈሩ ባዶ ካደረገው ማዘጋጃ ቤቱ ኩባንያውን ያንንም እንዲቆፍር ማስገደድ ይችላል፣ ካልቆፈረ ተጨማሪ ፎቅ የለም። አባባ እዚያው ከተቀመጠ ግን ማንም ምንም ማለት አይችልም። ውሉ ደግሞ ሰኞ ይፈረማል።

ቤት ስትገባ ዠንሲዮንግ ጠበቃት። «እማ፣ በሞቴ ተይው። መዋዕለ ሕፃናቱ ከሰማይ የወረደልን ነው። አባባን ብታነሺው የማንም ሞተር ጎማ ቢተነፍስ ጥፋቱ ያንቺ ነው የሚሆነው። ሰዉ ሁላችንንም ነው የሚጠላን።»

«ይጥሉን እንግዲህ!»

«አባቴም እኮ...»

«አባትህማ ዝም ብሎ ነው የሞተው» አለች። «አንድ ዝምተኛ ለአንድ ቤት ይበቃል።» ዠንሲዮንግ ምሳውን ሳይጨርስ ወጣ።

እሑድ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ መቅደሷ ፊት ተሰበሰበ። ዩዌታዎ ብርቱካንና የኦቾሎኒ ከረሜላ ደርድራ፣ ተንበርክካ፣ እንጨቶቹን በሁለት እጇ ያዘች። ሦስት ተከታታይ እሺ ያስፈልጋት ነበር።

«አባባ፣ እኔ ነኝ፣ ዓሣ ሻጯ ታዎ። ወለልህን እስኪያጸዱልህ እኔ ቤት ትሰነብታለህ? ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግን ዝናብ አይገባም።»

ወረወረች። ሁለቱም ተደፉ። እንቢ።

«ጠባብ ናት ስላልኩህ ነው? እሺ፣ አልጋዬን ልልቀቅልህ።»

ወረወረች። ሁለቱም ተንጋለሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ፤ ሹሙ ኬ ሳይቀር።

«ምን ያስቅሃል? አሮጊት መሆኔን አታውቅም? እሺ፣ የአሻንጉሊት ቲያትር አስመጣልሃለሁ። ሙሉ ከሰዓት ይጫወቱልሃል፣ ከበሮ ያለው፣ ውጊያ ያለው።»

አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው። እሺ! ሕዝቡ አጉረመረመ። ደገመች፤ እሺ! ወይዘሪት ፋን ከንፈሯን ነከሰች። አቶ ጓን ጃንጥላውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ። ዩዌታዎ ለሦስተኛ ጊዜ ወረወረች፤ አንደኛው እንጨት ነጥሮ የጠረጴዛውን እግር መታ፣ ተንከባለለ፣ ተደፋ። ሌላውም ተደፍቶ ነበር።

«እንቢ ብሏል!» አለ ሹሙ እጁን እያጨበጨበ። «በቃ፣ ተጨረሰ። ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ!»

ዩዌታዎ ግን ከጉልበቷ አልተነሣችም። መጀመሪያ እያለቀሰች መስሏቸው ነበር። አልነበረም፤ ደሟ ፈልቶ ነው።

«አባባ፣ አንተን ነው የማናግረው፣ እነሱን አይደለም። በየወሩ መባቻና አጋማሽ ብርቱካን አምጥቼልሃለሁ። ሹንፋ አፍንጫው ሲበላ እዚሁ ተቀምጠህ ታይ ነበር። ሌሊት ሌሊት ሲያስለው ከዚህ ይሰማሃል። አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠይቄህ አውቃለሁ? አንድ ቀን ለራሴ ለምኜህ አውቃለሁ? አልለመንኩም! ዛሬ ለአንዲት ሕፃን ብዬ ለመንኩህ፣ አንተ ትቀልድብኛለህ። እሺ። አልፈቀድክም፣ ሰምቻለሁ። እኔም አልታዘዝህም።»

ብላ ብድግ አለችና እጇን ወደ መቅደሷ ሰደደች። በጢስ የጠቆረውን፣ ጢማሙን የእንጨት አባባ ከነዙፋኑ አነሣችው። ክብደቱ የሦስት ወር ሕፃን ያህል ነው። የዓሣ ቅርፊት በተጣበቀበት ሽርጧ ጠቀለለችው።

ሴቶቹ ኡኡ አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች መሬት ላይ ወድቀው ግንባራቸውን ደፉ። ሹሙ ኬ መንገዱን ዘጋ። «መልሺው! እትዬ ታዎ፣ አሁኑኑ መልሺው!»

«ያዘው እንግዲህ» አለችና አባባን ዘረጋችለት። «ና፣ ተቀበለኝና መልሰህ አስቀምጠው። ልጆቹ እዚህ ይጫወቱ ያልኩት እኔ ኬ ቲያንፉ ነኝ በል። በል እንጂ!»

ሹሙ እጁን ዘርግቶ መሐል ላይ አቆመው። የተቀበለ ሰው ኃላፊነቱንም ተቀበለ ማለት ነው። ሰበሰበው።

«አንተስ፣ አቶ ጓን? አክባሪው አንተ አይደለህ?»

አቶ ጓን ጃንጥላውን አየ። እሷ አንድ በአንድ ለሁሉም ዘረጋችላቸው፤ ለሽማግሌዎቹ፣ ለሥጋ ሻጩ፣ ድሮ የኦፔራ ዘፋኝ ለነበረችው አሮጊት። አንድም እጅ አልወጣም። እሷም አባባን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በመሐላቸው አቋርጣ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ለፊርማ ሲሰበሰቡ ወይዘሪት ፋን ብዕሯን አስቀመጠች። «ጥጉ ባዶ ነው። መሰርሰሪያ ይምጣ።»

«ተስማምተን ነበር እኮ!» አለ አቶ ጓን። ፈገግታው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፍቶ ታየ። «የእምነት ቦታ አይነካም ተብሏል!»

«የእምነት ቦታው አሁን የእትዬ ታዎ ማድ ቤት ነው፣ አቶ ጓን። ማድ ቤቱን አንነካም።»

እስከዚያው ዩዌታዎ አበሳዋን አየች። ደንበኛ የሚባል ድርሽ አላለም፤ ዓሣው ድስት ውስጥ ቀረ። የሥጋ ሻጩ ማቀዝቀዣ ተበላሸ፣ እሷ ናት ተባለ። አንዱ ከሞተር ወደቀ፣ እሷ ናት ተባለ። ሹሙ ከዕጣን ጠባቂነት መሻሯን በድምጽ ማጉያ አስነገረ። ዠንሲዮንግ አላናገራትም። ሆዷ ባባ እንጂ አልተጸጸተችም፤ አባባን ማቀዝቀዣው ላይ አስቀምጣ፣ ብርቱካኑን እየቀየረች ሥራዋን ቀጠለች።

መሰርሰሪያው የመጣ ቀን ግን ሁሉም ተሰብስቦ ነበር። የመጀመሪያው አፈር ቡናማ ነው። ቧንቧው ጥቂት ጠለቅ እንዳለ የወጣው ጭቃ ቢጫ ሆነ፤ እየጠለቀ ሲሄድ ደግሞ አረንጓዴ፣ እየተንጠባጠበ። መርማሪው ጓንቱን ቀየረ፣ ሁሉንም ወደ ኋላ በሉ አላቸው። ከጠቅላላው ቦታ እንደዚህ የከፋ አልተገኘም ነበር። ፋብሪካው ዝቃጩን የደፋው ማንም በማይቆፍርበት ቦታ ነው፤ ከአባባ እግር ሥር። ሥጋ ሻጩ ባርኔጣውን አወለቀ። ዠንሲዮንግ እንባው እንዳይታይ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

አቶ ጓን አንድ ወር ተጨቃጨቀ፣ ዛተ፣ ጥዬ እሄዳለሁ አለ። ማዘጋጃ ቤቱ አልተነቃነቀም፤ ጥጉ ካልጸዳ አንድም ተጨማሪ ፎቅ የለም። ሰውየው ፎቁን ይወዳል። ስለዚህ ቆፈረ።

ጉድጓዱ በንጹሕ አፈር ከተሞላ በኋላ ሹሙ ኬና ሽማግሌዎቹ ቀይ ጨርቅና ቅርጫት ሙሉ ብርቱካን ይዘው ወደ ዩዌታዎ ቤት መጡ። እሷ በር ላይ ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት ትገፍፍ ነበር። ዠንሲዮንግ ከጎኗ ተቀምጦ ባልዲ ይዞላታል።

«እትዬ ታዎ» አለ ሹሙ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ያልሽው ልክ ነበር። አባባን በክብር ልንመልሰው ነው የመጣነው። ግን... ሳይፈቅድልሽ ነው ያነሣሽው። ሥርዓት ሥርዓት ነው። ተንበርከኪና እንጨቱን ወርውሪ፤ ይቅር ብሎሽ እንደሆነ ጠይቂው።»

ዩዌታዎ ቢላዋዋን ባልዲው ውስጥ አጥባ ቀና አለች።

«አልጠይቀውም» አለች። «እኔ ግን ይቅር ብዬዋለሁ። ንገሩልኝ።»