እናቴ ስታዲየም የመጣች ዕለት

ቶሮንቶ ውስጥ የአሜሪካኑን የሚመስለውን የካናዳ ፉትቦል በፕሮፌሽናልነት የተጫወትኩት ሰባት ዓመት ነው። ተከላካይ ነበርኩ። ሥራዬ ኳሷን ይዞ የሚሮጠውን ሰው ጠምጥሞ ይዞ መሬት ላይ መጣል ነው። ይህን ለሐበሻ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ኳስ ተጫዋች ነኝ ስል “ስንት ጎል አገባህ?” ይሉኛል። አንድም አላገባሁም። እኔ የምኮራው ሳይገቡ በቀሩት ነበር።

እናቴ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ካለው አፓርታማችን ተነስታ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ አረጋውያን መጦሪያ እየሄደች ትሠራ ነበር። የሷ ሥራ የደከመን ሰው ደግፎ ማንሳት ነው፤ ልጇ ጤነኛውን እየጣለ እንጀራ መብላቱ አልዋጥላት አለ። ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲጠይቋት “ስፖርት ላይ ነው” ብላ ታልፋለች። ጨዋታዬንም አይታ አታውቅም።

በሦስተኛው ዓመቴ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ “ዛሬ እመጣለሁ” አለችኝ። ነጠላዋን እንደለበሰች መጣች።

ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት በአራት ነጥብ እንመራ ነበር። ተጋጣሚዎቻችን ከመጨረሻው መስመር አንድ እርምጃ ላይ ደርሰዋል፤ ኳሷን ይዘው መስመሩን ካለፉ አለቀልን። ለሯጫቸው እንደሚሰጡት ከአቋቋሙ ገባኝ፤ ክብደቱን ሁሉ ግራ እግሩ ላይ ጥሎ ነበር። ኳሷን እንደጨበጠ ተወረወርኩበት። ደረቱ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ እስከ አንገቴ ነዘረኝ፤ አልለቀቅኩትም። መስመሩን ሳያልፍ ሁለታችንም ወደቅን፤ ሰዓቱም አለቀ። ስታዲየሙ በጩኸት ተናወጠ።

ልብሴን ቀይሬ ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

“ያ ልጅ ደህና ነው?”

“የትኛው?”

“የጣልከው ነዋ! ሲነሳ ያነክስ ነበር። ጠየቅከው?”

“እማዬ፣ ሥራ እኮ ነው።”

“ሥራ ቢሆንስ? ሂድና ጠይቀው።”

ወደ እንግዶቹ አውቶቡስ ሄድኩ። ሯጩ ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ ቆሟል። እናቴ እንደላከችኝ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀና “የት አሉ?” አለ። እያነከሰ አብሮኝ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጨበጣት።

“ደህና ነኝ፣ እናቴ” አላት በእንግሊዝኛ። “ልጅዎ ሕጉን ጠብቆ ነው የጣለኝ። ግን እንደሱ የከበደኝ ሰው የለም።”

እናቴ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን፤ ነጠላዋን አስተካክላ አንገቷን ቀና አደረገች።

በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ አባት “ልጅሽ ምን ይሠራል?” አሏት።

“ተከላካይ ነው፣ አባቴ። በሱ በኩል አይታለፍም” አለች።

አጠገቧ ቆሜ ነበር። መሬት መሬት እያየሁ ፈገግታዬን ዋጥኩ።

በሰባተኛው ዓመት ጉልበቴ እምቢ አለ። ሁለቴ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ፤ ሐኪሙ ሦስተኛውን ሲያነሳብኝ ራሴ በቃኝ አልኩ። ማንም አላሰናበተኝም። መልበሻ ክፍል ያለውን የልብስ ሳጥኔን ባዶ ሳደርግ፣ ትጥቅ የሚያድሉን ሽማግሌ መጡ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ጫማዬን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና፣ “ብዙ ተከላካይ አልብሻለሁ” አሉ። “አንተ ሜዳ ላይ ስትሆን ግን ተረጋግቼ ቁጭ እል ነበር።”

እጃቸውን ጨብጬ ወጣሁ። ደረጃውን የወረድኩት ብረቱን ተደግፌ፣ አንድ በአንድ ነው። ቢሆንም ያን ቀን ከእኔ በላይ ላሳር ብያለሁ።