የቁጥሮቹ ባለቤቶች

የያዙኝ ሳጉሬ መናኸሪያ፣ ወደ አሰላ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሁለት ሰዎች መጥተው ቦርሳዬን ተቀበሉኝና ድምፅ መቅጃና አንድ ደብተር አወጡ። ያኔ የነርሲንግ ዶክትሬቴን እየተማርኩ ነበር። ጥናቴ ስለ ጤና ጣቢያዎች አመራር ስለሆነ፣ በየወረዳው እየዞርኩ ነርሶችን ስለ አለቆቻቸው እጠይቅ ነበር። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «የአመራር ለውጥ» ይላል። አንደኛው ጮክ ብሎ አነበበውና ጓደኛውን አየው። ተሳፋሪዎቹ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ይመስላል። የገብስ አቧራ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። አምስት ሴቶች ነበሩበት። ስሜን ነገርኳቸው፤ ሥራዬን አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ጠዋት በጆግ ውሃ ስንታጠብ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት ሴት ቀረብ አሉኝ።

«ሲስተር፣ ብርድ ልብሴን እንካፈል። እዚህ ብርዱ ክፉ ነው።»

ደነገጥኩ። «ነርስ መሆኔን ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? እጅሽን ስትታጠቢ አየሁ። ጣትሽን አንድ በአንድ ነው የምታሺው። እኔም ዴራ ጤና ጣቢያ ጽዳት ነኝ።»

መልሱ ጥሩ ነበር። ያሳሰበኝም ጥሩ መሆኑ ነው። ብርድ ልብሱን አልፈልግም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ለምን እንደተያዝኩ ጠየቁኝ። ነርሶችን አነጋግሬ ነው አልኩና ወዲያው ተቆጨሁ።

«ጽዳቶችንስ አላነጋገርሽም? የአለቃን ጠባይ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ደብተሬን አወጣ ነበር። ያን ቀን ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠባቂዋ በኦሮምኛም በአማርኛም «ከኢ! ተነሽ!» ብላ ወሰደችኝ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ደብተሬ ፊቱ ተዘርግቷል።

«አመራሩን ልትለውጡ ያሰባችሁት እነማን ናችሁ?»

«የጤና ጣቢያ አመራር ነው። ትምህርት ነው።»

«ነርስ አንድ፣ ነርስ ሁለት ይላል። ስማቸው ማን ነው?»

አንድ ገጽ ገለጠ።

«ጽዳቶችንም አነጋግረሻል?»

ስለ ጽዳቶች ያወራሁት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር።

ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገልኝ። «ስማቸውን ጻፊና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።»

ባለቤቴ የት እንዳለሁ አያውቅም ነበር። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ጮሌ ወረዳ ያነጋገርኳት ነርስ ትዝ አለችኝ፤ እያወራች ሁለት ጊዜ መቅጃውን አስዘግታኛለች። ከዚያ ከመቅዳቴ በፊት ለሁሉም የማነብላቸውን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «የነገሩኝን ማን እንደነገረኝ ለማንም አልገልጽም።» ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ወረቀቱን መልሼ ገፋሁለት። አንብቦ አጣጠፈው፤ ወደ ክፍሉም መለሰኝ።

«ደህና ነሽ፣ ሲስተር?» አሉኝ ሴትዮዋ።

እስክወጣ ድረስ አላነጋገርኳቸውም። ሌሎቹም እኔን አይተው ከእሳቸው ራቅ ማለት ጀመሩ። ይህንን እያየሁ ዝም አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ሴትዮዋ እዚያው ቀሩ። «በርቺ» አሉኝ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ።

ትምህርቴን ጨርሻለሁ። አሁን አሰላ ውስጥ የነርሶች ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ለሥራ ዴራ ሄጄ ሳለሁ እግሬ ጤና ጣቢያው በር ላይ አደረሰኝ። ዘበኛው «ማንን ልጥራልዎት?» አለኝ። ሴትዮዋን እዚያ ባገኛቸው፣ በከንቱ ጠርጥሬያቸው ነበርና ምን እላቸዋለሁ? የሚያውቃቸው ሰው ባይገኝ ደግሞ፣ ወሬ አቀባይ ናቸው ብዬ የጠረጠርኩት እውነት ነበር ማለት ነው።

«ማንንም አትጥራ» ብዬ ተመለስኩ። ከሁለቱ የትኛውን ፈርቼ እንደተመለስኩ እስካሁን አላውቅም።