ዕቃው ሳይጫን የወጣ ስም

ዘንድሮ ጥር ሃያ ሁለት ቀን፣ በአስተርዮ ማርያም ማግስት፣ ታላቅ ወንድሜ ሸዋ ሮቢት የሚገኘው የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ የእናታችንን ስም ከመዝገብ አሰረዘ። እናታችን አልላከችውም፤ አልተጠየቀችምም። መሰረዟን ያወቀችው ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ፣ ጎረቤት ለቅሶ ልታስተናግድ ሄዳ፣ በሰው ፊት ነው።

እናቴን እኔ ዩኒቨርሲቲ ወደማስተምርበት ወደ ደብረ ብርሃን ለማምጣት ያሰብኩት ባለፈው ክረምት ነበር። ጉልበቷ ደክሟል፤ ግራ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል፤ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ናት። ደረጃ እንዳይኖርባት ብዬ ምድር ላይ ያለ ቤት ተከራየሁ። የቁም ሳጥኗን ስፋት ለክቼ ከአዲሱ ቤት በር ጋር አመሳከርኩ፤ አራት ጣት ያህል ተረፈ። መስኮቱ ጠዋት ፀሐይ እንደሚያገኝም ሁለት ቅዳሜ ቆሜ አረጋግጫለሁ።

እናቴ የተስማማችው አንድ ቃል አስገብታን ነው። እኔና ወንድሜ ፊት ለፊቷ ተቀምጠን ነበር።

«ስኖር እናንተ ዘንድ እኖራለሁ» አለች። «ስሞት ግን እዚሁ አምጡኝ። አባታችሁ አጠገብ፣ ሰፈሬ ይቅበረኝ።»

ወንድሜ «እሺ እማዬ» አለ። እኔም እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ዝርዝር አዘጋጀሁ። አርባ ሦስት መስመር ነበረው። የሚሄደውን፣ ለሰው የሚሰጠውንና የሚጣለውን ዕቃ ለየሁ፤ በጎኑ ሥራው የማን እንደሆነ ጻፍኩ። የጠፍር አልጋዋን ለሰው ከሚሰጠው ጋር መደብኩት። ሙቀቱ ሲጠና፣ ከመጋቢት ጀምሮ ዝናብ እስኪገባ፣ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር አውጥታ የምትተኛበት አልጋ ነው።

«ደብረ ብርሃን ውጭ አይተኛም?» አለችኝ።

«ውርጭ ነው እማዬ። ደርቀሽ ታድሪያለሽ።»

«የምደርቀው እኔ፤ አልጋው ምን አጠፋ? ጫኚው!» ብላ ሳቀች።

አልጋውን ወደሚሄደው ዕቃ አዛወርኩት። በዚያ ዝርዝር ላይ በእሷ ቃል የተለወጠው መስመር ይህ ብቻ ነው።

የካቲት ዘጠኝ ቀን ባዶ ካርቶኖች በሲባጎ አስሬ ከደብረ ብርሃን ወረድኩ። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት አሮጊት አርፈው ኖሯል። እናቴ ከእኔ ቀድማ ተነስታለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ «የእኛ ቡድን ተራ ነው፤ ካርቶንሽ ይቆይ» አለችኝ። ከቀብር መልስ እሷ ሽሮዋን፣ እኔ ሌማቱን ይዘን ወደ ድንኳኑ ጓሮ ሄድን።

የሴቶቹ ቡድን መሪ፣ ከእናቴ በዕድሜ የምታንስ ባለ ሱቅ፣ ሳህን እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል፣

«እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አለቻት።

«ምን ያስቀምጠኛል? ተራችን አይደል?»

«የእኛስ ተራ ነው። እርስዎ ወጥተዋል።»

«ከምኑ ነው የወጣሁት?»

«ከእድሩ ነዋ! ለእኛ ደብቀው ለጸሐፊው ልከው። ይህን ያህል ዘመን አንድ ድስት ስናማስል ኖረን፣ ደህና ሁኑ ማለት ይህን ያህል ከበደዎት?»

ከኋላዋ ሽንኩርት የምትልጥ ሴት፣ «ተያቸው እባክሽ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ቀባሪ ቢዘገይም ሬሳ አይሸትም» አለች። ሁለት ሦስት ሴቶች ሳቁ፤ ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ ብሏቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ያን አስተያየት ከማንኛውም ነገር በላይ በትክክል አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ጥያቄ ነበር፣ እኔም መልሱን አላውቅም ነበር።

ከካራቆሬና ከአጣዬ ለቀብር ከመጡት እንግዶች መካከል ወንበር ሰጧት። ንፍሮ በሳህን አቀረቡላት። የእድሩ ሳህን ከሰው ሳህን እንዳይቀላቀል በእያንዳንዱ ሥር ቀይ ነጥብ ያኖረችው እሷ ናት፤ ቀለሙም ተማሪ ሳለሁ ገዝቼ ቤት የተውኩት የጥፍር ቀለም ነው። ንፍሮውን አልቀመሰችም። እስክንወጣ ድረስ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

ቤት ስንደርስ የጠፍር አልጋው ላይ ተቀመጠችና፣ «አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ እሱ ነው» አለች።

ለወንድሜ ደወልኩ። ካራቆሬ ነው የሚኖረው፤ የሽንኩርት ነጋዴ ነው።

«ጋሼ፣ የእማዬን ስም ከእድር አስወጥተሃል?»

«የእድሩን ነገር ጨርስ ብለሽ ጽፈሽ ሰጥተሽኝ የለ? ጨረስኩ።»

«እሷን ጠይቀሃታል?»

«አንቺስ ጠይቀሻታል?» አለ። «ስሚ። መመለሻ እያላት አትሄድም። ዛሬ ለቅሶ፣ ነገ ተዝካር እያለች በየሳምንቱ መንገድ ላይ ልትሆን ነው። እኔ ነኝ የቆረጥኩላችሁ። አንቺ ዶክተሯ በስልክ ስታለቅሺ፣ አጣዬ የተቃጠለች ጊዜ ሦስት ልጅ ይዤ በእግሬ የሸሸሁት እኔ ነኝ። ነገ ሸዋ ሮቢት ላይ ቢደርስ፣ እንዲያ ያለውን መንገድ በዚያ ጉልበቷ ትሂደው?»

የተናገረው እውነት ነው። ያን ጊዜ ቤተሰቡን ይዞ የተጠጋው እናታችን ቤት ነበር፤ ልጆቹ ብርድ ልብስ ተጋርተው ያደሩት በዚያው የጠፍር አልጋ ላይ ነው። ፍርሃቱን አልክድበትም። ነገር ግን ፍርሃት በሌላ ሰው ስም ለመናገር ውክልና አይሆንም። የሚያሳዝነው፣ እናታችን ፈርቶ የመጣውን ሰው መቼ ትሄዳለህ ብላ አለመጠየቋን ያውቃል።

ስልኩን ዘግቼ ዝርዝሬን አወጣሁ። መስመር አሥራ አንድ፣ «የእድሩን ነገር መጨረስ፤ ጋሼ» ይላል። ከአባላቱ ጋር ተነጋግሮ ከሩቅ ሆና የምትቀጥልበትን መንገድ ያበጃል ብዬ ነበር። ግን አርባ ሦስቱንም መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩ፤ እናቴን መጠየቅ የሚል አንድም የለም። የቁም ሳጥኗን ወርድ የለካሁ ሴት፣ ቀብሯን እንደ አንድ የተላላኪ ሥራ ለሌላ ሰው መድቤው አለፍኩ። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

በማግስቱ ወደ እድሩ ጸሐፊ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መዝገቡን ከስፌት መኪናቸው መሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ። በእናቴ ስም ላይ ቀጭን መስመር ተሰምሮ፣ ከጎኑ «በራሳቸው ፈቃድ፣ በልጃቸው በኩል ለቀዋል» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የወንድሜ ፊርማ አለ።

«ልጅ በእናቱ ይዋሻል ብዬ ልጠርጥር?» አሉኝ። «እኛም እኮ ከፍቶናል፤ እትዬ ሳይሰናበቱን ወጡ ብለን።»

ደንቡን ጠየቅኳቸው። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ቢመለስ እንደ አዲስ አባል ይቆጠራል፤ ዓመት ሳይሞላው ቢሞት እድሩ አይቀብረውም። እናቴ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ መንገድ ግን አለ። መልእክቱን ያመጣው ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ፣ ሴትዮዋ አልላከችኝም ነበር ቢል፣ ስረዛው እንዳልነበረ ይሆናል። ጉባኤው ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው።

«እኔ ብናገርስ?» አልኳቸው።

«እርስዎ አልፈረሙም፣ ዶክተር።»

ቤት ስመለስ እናቴ በመጣሁበት ማታ ካሸግኳቸው ካርቶኖች አንዱን ፈትታ አገኘኋት። ለመገነዣዋ ያስቀመጠችውን አቡጀዲ አወጣች፤ አጣጥፋ ወደ ቆየበት ሳጥን መለሰችው። «ይሄ አይሄድም» አለች። የቀረውን አልነካችውም። ካርቶኖቹ እስከ ዛሬ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ የተከራየሁት ቤት ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፤ ማንም አልገባበትም። ከዚያ ወዲህ ጥሩምባው ሁለት ጊዜ ተነፍቷል። እናቴ ትነሳለች፤ ነጠላዋን ታነሳለች፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ትቆምና፣ ቀባሪው ካለፈ በኋላ ተመልሳ ትቀመጣለች። ከእንግዶች ጋር እንድትቀመጥ ስለሚያደርጓት ለቅሶ መድረስ ትታለች።

ለወንድሜ ጉባኤው የሚውልበትን ቀንና የሚጠበቅበትን ቃል ጽፌ ላክሁለት። ሁለት ጊዜ መለሰልኝ። ሁለቱም ጊዜ የጻፈው፣ «የጭነት መኪናው መቼ ይምጣ?» የሚል ነው።

ጋሼ፣ ስለ መኪናው አልጠየቅኩህም። ስለ አጣዬም፣ ስለ ፍርሃትህም፣ ከሁለታችን ማን የበለጠ እንዳጠፋም አልጠየቅኩህም። የጠየቅኩህ ይህን ነው፤ አሁንም እጠይቅሃለሁ። በዚያ እሁድ መጥተህ፣ ያን ቀን ተሳልቀውባት በነበሩት ሴቶች ፊት ቆመህ፣ «እናቴ አልላከችኝም» ትላለህ ወይስ አትልም? ከሁለቱ አንዱን፣ እስከ ሆሳዕና ጻፍልኝ።