ሠላሳ ስድስት መቶው ራም

ፍኖተ ሰላም፣ ደስታው ኮምፒውተር በሚገጣጥምባት ሱቅ እኛ ሥራ ፈቶቹ ተቀምጠን ገቢ ወጪውን እናማለን። በሐምሌ ዝናብ አንድ ጢሙ ያደገ ሰው ገባ። የቡሬ ሰርግ ቪዲዮ አንሺ መሆኑን የካሜራ ቦርሳው ላይ ያለው ጽሑፍ አሳበቀበት።

«ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆን ግጠምልኝ። ራሙ በፍጥነት ሠላሳ ሁለት መቶው ይሻላል ወይስ ሠላሳ ስድስት መቶው?» ደስታው ያወጣለትን ሁለቱንም የኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ ተቀብሎ እንደ ካሜራ መስታወት በጋቢው ጫፍ ጠረጋቸው።

«ጋሼ፣ የራሙን መጠን ቢጨምሩ ነው የሚያዋጣዎት። ከፍጥነቱ የሚያተርፉት ደቂቃ ቢሆን ነው» አለ ደስታው።

«ደቂቃዋንም እፈልጋታለሁ። ሰባት ሥራ ባንድ ቀን ይደርስብኛል።»

እኔ ምላሴ መች ያርፋል፣ «በዚህ ጭቃ ሰባት ሙሽራ? ቡሬን ምን ነካት?» አልሁ። ሱቁ በሳቅ ሞላ። ሰውየውም ለወጉ ፈገግ አለ።

«ሰርግ አይደለም፤ አርባ ነው። አንድ መኪና ላይ ስለነበሩ አርባቸውም አንድ ቀን ሆነ። ሰርጋቸውን የቀረጽሁት እኔ ነኝ፤ ቤተሰቦቻቸው ከዚያ ላይ ቆርጠህ አዘጋጅልን አሉኝ።»

አንገታችንን ደፋን። ደስታው የሥራውን ልክ ለማየት ሰውየው የሰጠውን ፍላሽ በሱቁ ኮምፒውተር ሰካ። ስድስቱ ፋይሎች «የእገሌ ሰርግ» ይላሉ። ሰባተኛው ላይ ስም ብቻ አለ። እሱን ሊከፍት ሲል ሰውየው እጁን ያዘው።

«እሱን ተወው። የኔው ልጅ ነው፤ ሳልድረው ቀረ።»

ከዚያ ሠላሳ ስድስት መቶውን ለይቶ ሰጠው።

«ፈጣኑን አድርግልኝ። እሱ ፊት ብዙ መቀመጥ አልችልም።»